የድሮ አሳቢ በእርግጥ ምን አለ? የፖለቲካና የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ እንዴት ይመረመራል

ጆን ሎክ የ1688ቱን የእንግሊዝ አብዮት ለመደገፍ ጻፈ። አዳም ስሚዝ በመምህርነቱ ዘመን ስለ ርኅራኄ አስተማረ፣ ፈረንሳይ ደርሶ ሲመለስ ግን የግል ጥቅም ሰባኪ ሆነ። ዴቪድ ሪካርዶ ማሽን ሠራተኛን አይጎዳም አለ። ካርል ማርክስ «ካፒታል»ን በሦስት ቅጽ ጽፎ ጨረሰ። እነዚህ አራት አባባሎች በመማሪያ መጻሕፍትና በንግግሮች ሲደጋገሙ ኖረዋል፤ አንዳቸውም ግን እንዳሉ አይቆሙም። የፈረሱበት መንገድ የጥናት መስኩን ሥራ ከየትኛውም ትርጓሜ በተሻለ ስለሚያሳይ፣ ማብራሪያው የሚሄደው እነሱን እየተከተለ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ መንግሥት፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ንግድና ስለ ቀረጥ የተጻፉ ታላላቅ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተወለዱት በክርክር መሀል ነው። አንዱ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሌላው ሊመልስለት ብዕር አነሣ። ጊዜ ሲያልፍ የመጀመሪያው ተረስቶ መልሱ ብቻ «ታላቅ ሥራ» ተብሎ ይቀራል። መልሱን ብቻ ይዞ የሚፈርድ አንባቢ ክሱን ሳያይ የተከሳሽን መልስ እንዳነበበ ዳኛ ነው። የተመራማሪው ዋና ድካም የጠፋውን ክስ መፈለግ ነው፦ ማን ምን ብሎ ነበር? መቼ? ጸሐፊው እንዲያነብለት የፈለገው ማንን ነው? ሊያስቆመው ወይም ሊያስደርገው የፈለገው ድርጊትስ ምንድን ነው?

ይህን አካሄድ በግልጽ የተሟገተለት የታሪክ ምሁሩ ክዌንቲን ስኪነር ነው። በ1969 ባወጣው ጽሑፍ አንድን የድሮ አሳቢ «ስለ ዘላለማዊ ጥያቄዎች ምን አስተማረን?» እያሉ መጠየቅ የሚያስከትላቸውን ስሕተቶች ዘርዝሯል። ከነዚያ ውስጥ ዛሬም በየቀኑ የሚታዩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው፣ በጎን የተነገረችን አንዲት ሐረግ ነቅሶ አውጥቶ ጸሐፊው አስቦት የማያውቅ ሙሉ ትምህርት ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተጻፉ ሥራዎችን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ማስገደድ ነው። ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ የመጀመሪያ ሥራውን በመጨረሻው የሚተረጉም አንባቢ ለውጡን ያጠፋዋል።

ቀኑ ሲለወጥ መጽሐፉ ይለወጣል

የሎክ «ሁለት የመንግሥት ድርሳናት» ለሽያጭ የወጣው በ1689 መጨረሻ ሲሆን ሽፋኑ ላይ የታተመው ዓመት 1690 ነው። የደራሲ ስም የለበትም። መቅድሙ አዲሱን ንጉሥ ዊልያምን ያወድሳል። ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ዙፋኑን ያጣው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1688 ስለሆነ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አንባቢ ሁሉ መጽሐፉን ለተፈጸመ አብዮት የቀረበ ማረጋገጫ አድርጎ ወሰደው። ሕዝብ አምባገነንን ማውረድ ይችላል የሚለው ክርክሩ የአሸናፊዎች ንግግር መሰለ።

የታሪክ ምሁሩ ፒተር ላስሌት በ1960 ባሳተመው የተመረመረ እትም (የጽሑፉን ልዩ ልዩ ቅጂዎች አነጻጽሮ በሚያቀርብ እትም) ይህን ገለበጠው። ማስረጃው አንድ ትልቅ ግኝት ሳይሆን የትንንሽ ነገሮች ክምችት ነበር። የሎክ ማስታወሻዎች፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝርና የግል ወረቀቶቹ (የኦክስፎርዱ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በ1947 የገዛቸው) የትኛውን መጽሐፍ መቼ እንደያዘና እንዳነበበ ያሳያሉ። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ድርሳን ከዳር እስከ ዳር ሮበርት ፊልመር ለተባለ ሰው የተሰጠ መልስ ነው። ፊልመር የሞተው በ1653 ነው፤ የንጉሥ ሥልጣን ከአዳም የተወረሰ የአባትነት ሥልጣን ነው የሚለው ዋና መጽሐፉ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1680 ነው። በዚያን ጊዜ ፓርላማው የንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊን ወንድም፣ በኋላ ንጉሥ የሆነውን ጄምስን፣ ከዙፋን ወራሽነት ለማስወገድ እየታገለ ነበር፤ የንጉሡ ደጋፊዎች ደግሞ የፊልመርን መጽሐፍ እንደ ጋሻ ያነሡት ያኔ ነው። ፊልመርን መስመር በመስመር ማፍረስ አንገብጋቢ የነበረው በ1680 እንጂ በ1689 አልነበረም።

ስለዚህ ላስሌት የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል ከ1679 እስከ 1681 ባለው ጊዜ ተጽፏል አለ። ሪቻርድ አሽክራፍትን የመሰሉ ተመራማሪዎች ጥቂት ዘግየት ያደርጉታል፤ ከአብዮቱ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ መጻፉን ግን ክርክሩ አላናወጠውም። እንግዲህ መጽሐፉ ለተደረገ አመፅ ምክንያት የሚያቀርብ ሳይሆን ገና ላልተደረገ አመፅ ምክንያት የሚያዘጋጅ ሆነ ማለት ነው። ይህ በሕይወት የሚያስከፍል ጽሑፍ ነበር። በታኅሣሥ 1683 ፖለቲከኛው አልጀርነን ሲድኒ በአገር ክህደት ተወንጅሎ አንገቱ ሲቀላ፣ ሕጉ ሁለት ምስክሮች ይጠይቅ ስለነበር ሁለተኛው «ምስክር» ሆኖ የቀረበው ከቤቱ የተያዘው ያልታተመ የእጅ ጽሑፉ ነው። እሱም ፊልመርን የሚቃወም ነበር። ሎክ በዚያው ዓመት ወደ ሆላንድ ሸሸ። ደራሲው እሱ መሆኑን በጽሑፍ ያመነው በ1704 ሊሞት ሲል በኑዛዜው ላይ ባስጨመረው ቃል ነው። የስሙን መደበቅ እንደ ጠባይ ጉዳይ ያዩት ሰዎች ነበሩ፤ ቀኑ ሲታወቅ ግን ፍርሃቱ በቂ ምክንያት እንደነበረው ታየ።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ንብረት የሚናገረው አምስተኛ ምዕራፍ (በሁለተኛው ድርሳን) ሌላ የቀን ጥያቄ አለበት። ሎክ እዚያ የሚለው፣ መሬት በመጀመሪያ የጋራ ነበር፤ ሰው ድካሙን ሲቀላቅልበት የግሉ ይሆናል፤ ሳይታረስ የተቀመጠ መሬት ግን ባክኖ የቀረ ነው። ምሳሌዎቹ ደጋግመው ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ዴቪድ አርሚቴጅ በ2004 ባወጣው ጥናት ሎክ በ1682 በጋ የካሮላይና ቅኝ ግዛትን ሕገ መንግሥት በማሻሻል ሥራ ላይ እንደነበረ አሳይቶ፣ ይህ ምዕራፍ የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነው ብሎ ተከራከረ። ሎክ ቀደም ብሎም የካሮላይና ባለይዞታ መኳንንት ጸሐፊ ነበር።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን መዋል አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም። ቀን የሚያረጋግጠው ጸሐፊው ያንን ጉዳይ በእጁ ይዞ እንደነበረ ብቻ ነው። ምዕራፉ ለቅኝ ገዢዎች ሲባል ተጻፈ ለማለት ጽሑፉ ራሱ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ከካሮላይና ጥያቄዎች ጋር መግጠም አለባቸው። ብዙዎቹ ይገጥማሉ፤ የአገር ቤቱን የንብረትና የግብር ክርክር የሚመልሱትም ግን አሉ። ጥሩ ተመራማሪ ሁለቱን አብሮ ያስቀምጣል፤ ችኩሉ አንዱን መርጦ ይሮጣል።

የተማሪ ደብተር ያፈረሰው ንድፈ ሐሳብ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ «የአዳም ስሚዝ ችግር» የሚባል ክርክር ተነሣ። ስሚዝ በ1759 ያሳተመው «የሞራል ስሜቶች ንድፈ ሐሳብ» የሰው ልጅ የሌላውን ስሜት በመጋራት እንደሚፈርድ ይናገራል። በ1776 ያወጣው «የአገሮች ሀብት» ደግሞ ሥጋ ሻጩና ጋጋሪው የሚያበሉን በደግነታቸው ሳይሆን ለጥቅማቸው ብለው ነው ይላል። እንዴት የአንድ ሰው ሥራዎች ሊሆኑ ቻሉ? መልሱ ቀላል መሰለ፦ ስሚዝ ከ1764 እስከ 1766 ፈረንሳይ ነበር፤ እዚያ ፊዚዮክራት የሚባሉትን ኢኮኖሚስቶች አገኘ፤ ሐሳቡን ለወጠ።

ይህ ንድፈ ሐሳብ በአንድ ሰነድ ይፈተናል። ስሚዝ ፈረንሳይ ከመሄዱ በፊት ስለ ኢኮኖሚ ምን ያስተምር ነበር? እሱ ራሱ ምንም አልተወም፤ በሐምሌ 1790 ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አሥራ ስድስት ቅጽ የእጅ ጽሑፎቹን አስቃጥሏል። ነገር ግን ከግላስጎው ተማሪዎቹ አንዱ ያስቀረው የትምህርት ማስታወሻ ተገኝቶ ኤድዊን ካናን በ1896 አሳተመው። ማስታወሻው የ1763–64 ትምህርት ነው። የሥራ ክፍፍሉ፣ የመርፌ ቁልፍ ፋብሪካው ምሳሌ፣ የተፈጥሮ ዋጋና የገበያ ዋጋ ልዩነት፣ ገንዘብ ሀብት ነው የሚለው አመለካከት ትችት ሁሉም አሉበት። በ1958 ደግሞ ጆን ሎቲያን የ1762–63 ትምህርት የተመዘገበበት ሁለተኛና የበለጠ የተብራራ ማስታወሻ አገኘ፤ በ1978 በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የስሚዝ ሥራዎች እትም ውስጥ ታተመ።

የጎደለውም ነገር እኩል ይናገራል። በማስታወሻዎቹ ውስጥ የዓመቱ ምርት በደሞዝ፣ በትርፍና በመሬት ኪራይ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያብራራ ሥርዓት የለም፤ ካናን ራሱ ይህን ክፍል ስሚዝ ከፈረንሳዮቹ እንደወሰደው ገምቷል። እንግዲህ የፈረንሳይ ጉዞው ስሚዝን ከርኅራኄ ወደ ራስ ወዳድነት አላዞረውም፤ ባለው ላይ አንድ ትልቅ ክፍል ጨመረለት። ክርክሩን ጨርሶ የሚዘጋው ግን የእትሞቹ ዝርዝር ነው። «የአገሮች ሀብት» በስሚዝ ሕይወት አምስት ጊዜ ታተመ፤ የመጨረሻው በ1789 ነው። የሞራሉ መጽሐፍ ስድስት ጊዜ ታተመ፤ ስድስተኛው በ1790 የወጣው ስሚዝ አንድ ሙሉ አዲስ ክፍል ጨምሮበት ነው። ሰው የተወውን ሐሳብ በሞቱ ዓመት አያሰፋውም። የጀርመን ተቺዎቹ ሁለቱን መጻሕፍት በአንደኛ እትማቸው ዓመት ብቻ ስላስቀመጧቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የተደረገ ጉዞ ታያቸው እንጂ፣ ስሚዝ ሁለቱንም ጎን ለጎን እየሠራ ነው የሞተው።

የተማሪ ማስታወሻ የራሱ አደጋ አለው። ተማሪው የሰማውን ሁሉ አይጽፍም፤ በኋላ ቁጭ ብሎ ሲገለብጥ ያስተካክላል፤ ለገበያ የተገለበጡ ቅጂዎችም ነበሩ። ስለዚህ ማስታወሻ «ስሚዝ ይህን ርእስ በዚህ ዓመት አስተምሯል» ለማለት ጠንካራ ምስክር ነው፤ «በትክክል እንዲህ ብሏል» ለማለት ግን ደካማ። ሁለት ማስታወሻዎች አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ምስክርነቱ ከፍ ይላል። የ1958ቱ ግኝት ያን ያህል የከበረውም ለዚህ ነው።

የማይታየው እጅ የት ቦታ ላይ ነው?

ስለ ስሚዝ ከሚነገረው ሁሉ የሚታወቀው «የማይታየው እጅ» ነው፤ ሰው የራሱን ጥቅም ሲፈልግ ሳያስበው የሌላውንም ጥቅም ያራምዳል የሚለው። ከታተሙት ሥራዎቹ ሁሉ ሐረጉ የሚገኘው በሦስት ቦታ ብቻ ነው። ከሞተ በኋላ በ1795 በታተመው የሥነ ፈለክ ታሪክ ድርሰቱ ውስጥ የጁፒተር አምላክ እጅ ነው፤ ስሚዝ እዚያ የጥንት ሰዎች ድንገተኛ ክስተቶችን ለአማልክት እንዴት እንደሚሰጡ እየተናገረ ነው። በሞራሉ መጽሐፍ ሀብታም ባለመሬቶች ሆዳቸው ከሚችለው በላይ መብላት ስለማይችሉ ምርታቸው ወደ ድሆች እንደሚደርስ ያወሳል። በ«የአገሮች ሀብት» ሐረጉ አንድ ጊዜ፣ በአራተኛው መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ይመጣል።

ምዕራፉ የሚናገረው አገር ውስጥ ሊመረቱ በሚችሉ ዕቃዎች ላይ ስለሚጣል የማስመጫ እገዳ ነው። ከሐረጉ በፊት ያሉትን አንቀጾች ያነበበ ሰው የሚያገኘው እንዲህ ነው፦ ነጋዴ ገንዘቡን ከዓይኑ ሳያርቅ፣ የሚያምናቸውን ሰዎችና የሚያውቀውን ሕግ ይዞ በአገሩ መነገድን ይመርጣል፤ ስለዚህ መንግሥት በግዴታ ወደ አገር ውስጥ ሳይመልሰው ራሱ ይመለሳል። ክርክሩ የተሰነዘረው ውድድር እንዳይገባባቸው ከፓርላማ ሕግ ባስወጡ ነጋዴዎችና ፋብሪካ ባለቤቶች ላይ ነው። ሐረጉ ስለ ማንኛውም ገበያ የሚናገር ጠቅላላ ሕግ ሆኖ የተስፋፋው ብዙ ቆይቶ፣ በተለይም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመማሪያ መጻሕፍት ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስሚዝ በወለድ ላይ የሕግ ጣሪያ እንዲኖር፣ ባንኮች ትንንሽ ኖቶችን እንዳያወጡ፣ የእንግሊዝ ዕቃ በእንግሊዝ መርከብ እንዲጓዝ የሚያስገድደው ሕግም ለመከላከያ ሲባል እንዲቀጥል ይደግፋል። የወለድ ጣሪያውን ፈላስፋው ጄርሚ ቤንታም በ1787 በጻፈው መልስ ተቃውሞበታል። በአንድ ሐረግ የሚወከል ሰው እነዚህን ሁሉ የት ያስቀምጣቸው?

ይህን ስንል ስሚዝን ወደ ሌላው ወገን ለመጎተት አይደለም። የመንግሥት ጣልቃ ገብነት ደጋፊ ነበር ብሎ መጻፍም ያው አንድ ስሕተት ነው፤ አንዲት ሐረግ መንቀስ ትቶ ሌላዋን መንቀስ ነው።

ሪካርዶ፦ የእህል ዋጋ፣ ማሽን እና የጠፋ ወረቀት

በእንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት በሪካርዶ ላይ የተሠራው ምርምር የመስኩን ጥንካሬም ድክመትም አብሮ ስለሚያሳይ ረዘም አድርገን እንየው።

በየካቲት 1815 ለንደን ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አራት ሰዎች ስለ እህልና ስለ መሬት ኪራይ በራሪ መጻሕፍት አወጡ፦ ማልቱስ፣ ዌስት፣ ቶረንስ እና ሪካርዶ። ምክንያቱ ፓርላማ ሊያወጣው ያዘጋጀው የእህል ሕግ ነበር። ሕጉ በዚያው ዓመት ጸደቀ፤ የአገር ውስጥ ስንዴ ዋጋ በአንድ ኳርተር 80 ሺሊንግ እስኪደርስ የውጭ ስንዴ ለአገር ውስጥ ሽያጭ እንዳይገባ ከለከለ። (ኳርተር 290 ሊትር ያህል የሚይዝ የእህል መስፈሪያ ነው።) ማልቱስ እገዳውን ደገፈ፣ ሪካርዶ ተቃወመ። ዛሬ በኢኮኖሚ ትምህርት እንደ ንጹሕ ሒሳብ የሚቀርበው የመሬት ኪራይ ንድፈ ሐሳብ የዚህ የሳምንታት ክርክር ልጅ ነው።

ክርክሩ በቁጥር ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ገበሬ ለዘርና ለሠራተኛ ቀለብ 100 ኳርተር እህል አውጥቶ 120 ቢያገኝ ትርፉ 20 በመቶ ነው። የሕዝብ ቁጥር ሲጨምር ደካማ መሬት ይታረሳል፤ እዚያ 100 ወጥቶ 110 ብቻ ይገኛል እንበል። በደካማው መሬት ላይ ያለው ትርፍ 10 በመቶ ነው። በጥሩው መሬት ላይ ያለውም ገበሬ ከ10 በመቶ በላይ ሊይዝ አይችልም፤ ባለመሬቱ ልዩነቱን 10 ኳርተር በኪራይ ይወስድበታል። የውጭ እህል ቢገባ ደካማው መሬት ባልታረሰ፣ ትርፍም ባልወረደ ነበር። ሪካርዶ የባለመሬቶች ጥቅም ከሌላው ማኅበረሰብ ጥቅም ጋር ይጋጫል ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

አሁን የምርምሩን ችግር ተመልከቱ። ወጪውም ገቢውም እህል ስለሆነ የትርፉ መጠን ዋጋ ሳያስፈልግ ይሰላል የሚለውን ይህን ጥርት ያለ አቀራረብ የሰጠን ጣሊያናዊው ኢኮኖሚስት ፒየሮ ስራፋ ነው። ስራፋ ከ1930 ጀምሮ የሪካርዶን ሥራዎች ለማሳተም የተመደበ አዘጋጅ ነበር። ሥራው ሃያ ዓመት የፈጀ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በ1951 ወጡ፤ አሥራ አንደኛው ቅጽ፣ ማውጫው፣ በ1973። ከመዘግየቱ ምክንያቶች አንዱ በ1943 አየርላንድ ውስጥ ሪካርዶ ለወዳጁ ለጄምስ ሚል የጻፋቸው ደብዳቤዎች መገኘታቸው ነው፤ ለኅትመት የተዘጋጀው ሁሉ እንደገና መደራጀት ነበረበት። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በየትኛውም የምርምር መስክ ብርቅ ነው፤ እትሙም ዛሬ ድረስ የዘርፉ መለኪያ ሆኖ ይኖራል።

ሆኖም ስራፋ ራሱ በመግቢያው በሐቀኝነት እንዳመነው፣ የእህል በእህል ስሌቱን ሪካርዶ በተረፉት ጽሑፎቹ ውስጥ የትም አልጻፈውም። በ1814 ጽፏቸው በጠፉ ወረቀቶች ወይም በንግግር አንሥቶት መሆን አለበት ሲል ስራፋ ገመተ። ሳሙኤል ሆላንደር በ1970ዎቹ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፦ የሪካርዶ ጽሑፎች ስለ ገንዘብ ደሞዝና ስለ ዋጋ ነው የሚናገሩት፣ ስሌቱ የስራፋ እንጂ የሪካርዶ አይደለም አለ። ክርክሩ ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል። የስራፋ ግምት ብልህነት አያጠራጥርም፤ ሪካርዶን ያነበበ ሰው ክርክሩ እንዲህ ሲጠረብ ይበልጥ ይገባዋል። ነገር ግን «ሪካርዶ እንዲህ ብሏል» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም። ሊጻፍ የሚችለው «የሪካርዶ ክርክር በዚህ ግምት ላይ ቢቆም ኖሮ እንዲህ በሠራ ነበር» ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ጥፋት የሚመጣው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው።

የማሽኑ ጉዳይ ደግሞ በእትም ልዩነት ብቻ የሚፈታ ነው። የሪካርዶ ዋና መጽሐፍ በ1817፣ በ1819 እና በ1821 ሦስት ጊዜ ታተመ። እስከ ሁለተኛው እትም ድረስ ሪካርዶ ማሽን ለሁሉም መደብ ይጠቅማል ከሚሉት ጋር ነበር። በሦስተኛው እትም 31ኛ ምዕራፍ ሆኖ የገባው አዲስ ጽሑፍ ሐሳቡን መለወጡን በግልጽ ይናገራል። ምሳሌው ይህ ነው፦ አንድ ባለሀብት 20,000 ፓውንድ አለው፤ 7,000ው በሕንጻና በመሣሪያ፣ 13,000ው ለሠራተኛ ማኖሪያ። ትርፉ 10 በመቶ፣ 2,000 ፓውንድ ነው፤ የዓመቱ ምርት እንግዲህ 15,000 ነው (13,000ውና ትርፉ ተደምሮ)። አንድ ዓመት ግማሹን ሠራተኛ ማሽን እንዲሠራ ያደርጋል። በዓመቱ መጨረሻ 7,500 የሚያወጣ ማሽንና 7,500 የሚያወጣ ምግብና ሸቀጥ ይኖረዋል። ከሸቀጡ 2,000ውን ለራሱ ሲወስድ ለሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛ የሚቀረው 5,500 ብቻ ነው። የባለሀብቱ ሀብት አልቀነሰም፣ ትርፉም አልተነካም፤ ለሠራተኛ የሚውለው ግን ከ13,000 ወደ 5,500 ስለወረደ በልዩነቱ፣ በ7,500 ፓውንድ፣ ይቀጠር የነበረው ሠራተኛ ሥራ አጣ።

ደጋፊው ማኩሎክ በዚህ ክፉኛ ደነገጠ። ሪካርዶ ማሽን ይከልከል አላለም፤ ቢከለከል ካፒታሉ ወደ ውጭ ይሄዳል ብሎ ፈርቷል። ቢሆንም የሠራተኞች ስጋት ከአለማወቅ የመጣ አይደለም፣ ከኢኮኖሚ መርሖዎች ጋር ይስማማል ብሎ ጽፏል። ምዕራፉ የሌለበትን እትም የያዘ ተማሪና ያለበትን የያዘ ተማሪ «ሪካርዶ ስለ ማሽን ምን አለ?» ቢባሉ ተቃራኒ መልስ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ከመጽሐፉ ጠቅሰው።

የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት መጽሐፍ

«ካፒታል» አንደኛ ቅጽ በ1867 ወጣ። ማርክስ በ1883 ሞተ። ሁለተኛውን በ1885፣ ሦስተኛውን በ1894 ያሳተመው ወዳጁና የሥራ ተባባሪው ፍሬድሪክ ኤንግልስ ነው። የሦስተኛው ቅጽ ዋና የእጅ ጽሑፍ የተጻፈው በ1864–65 ነው፤ ማለትም አንደኛው ቅጽ ከመታተሙ በፊት። ቅጾቹን በቁጥራቸው ተራ የሚያነብ ሰው ሦስተኛው የማርክስ የመጨረሻ ቃል ይመስለዋል፤ በጊዜ ሲታይ ግን ቀዳሚ ረቂቅ ነው። ማርክስ በሰባት ረጃጅም ምዕራፎች የተወውን ኤንግልስ በሰባት ክፍልና በ52 ምዕራፍ ከፋፈለው፤ ርእስ ሰጠ፣ አንቀጾች አዛወረ፣ የጎደለ ሞላ። ብዙውን በመቅድሙ ነግሮናል። የእጅ ጽሑፉ እንዳለ የታተመው በ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ የትርፍ መጠን የመውደቅ ዝንባሌን የሚመለከተውን ክፍል የሚያጠኑ ሰዎች ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ዘርግተው ነው የሚሠሩት፤ ማርክስ እያመነታ የሄደበትን ቦታ የኤንግልስ ርእሶች የተወሰነ ሕግ አስመስለውታልና። ኤንግልስን መውቀስ አያስፈልግም፤ እሱ ባይኖር ያንን የእጅ ጽሕፈት የሚያነብ ሰው እንኳ በጣት የሚቆጠር ነበር።

የባለቤትነት ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በ1740 ስም ሳይጠቀስበት የወጣ የስኮትላንዳዊውን ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩምን ፍልስፍና የሚያጠቃልል ትንሽ መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ የወጣቱ የአዳም ስሚዝ ሥራ ይባል ነበር። ኢኮኖሚስቱ ኬንስና ስራፋ በ1938 መልሰው ሲያሳትሙት የራሱ የሂዩም ሥራ መሆኑን አሳዩ።

ኮምፒውተር የሚሰጠውና የሚነሳው

ዛሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከታተሙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እጅግ ብዙው በዲጂታል ቅጂ ይፈለጋል። አንድ ሐረግ ማን ቀድሞ እንደተጠቀመበት ለማወቅ ድሮ ዓመታት ይፈጅ የነበረው አሁን በሰዓታት ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ጉድጓዶች አሉ። እስከ 1800 ገደማ አታሚዎች «ኤስ» የሚለውን ፊደል በብዙ ቦታ ረጅም አድርገው፣ «ኤፍ» በሚመስል ቅርጽ ያትሙ ነበር፤ ማሽኑ ኤፍ ብሎ ስለሚያነበው ፍለጋው ባዶ ይመለሳል። «አልተገኘም» የሚለው መልስ ስለዚህ «የለም» ማለት አይደለም፤ ቃሉን በተሳሳተው አጻጻፍም መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ አንድ መጽሐፍ አሥር ጊዜ ታትሞ ከሆነ ፍለጋው አሥር ጊዜ ይቆጥረዋል፤ የሐሳቡ ተወዳጅነት የጨመረ ይመስላል። ሦስተኛው፣ ዲጂታል የሆነው በአብዛኛው የታተመው ነው። ደብዳቤ፣ የኅዳግ ማስታወሻ፣ ረቂቅ በየቤተ መዛግብቱ ተቀምጧል፤ ከላይ ያየናቸው ግኝቶች አብዛኞቹ ደግሞ የመጡት ከእጅ ጽሑፍ ነው።

አንድ ጥቅስ ሲገጥማችሁ

ከአንድ የድሮ ኢኮኖሚስት የተወሰደ የተባለ ዓረፍተ ነገር ለማጣራት በመጀመሪያ የቦታ ቁጥር ፈልጉ። የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ አይበቃም፤ ለስሚዝ ለምሳሌ የሚያገለግለው መጽሐፍ፣ ምዕራፍና አንቀጽ ነው። የማይታየው እጅ በ«የአገሮች ሀብት» አራተኛ መጽሐፍ፣ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ዘጠነኛ አንቀጽ ነው ከተባለ ማንም ሰው በየትኛውም እትም ያገኘዋል። የቦታ ቁጥር የሌለውን ጥቅስ ባታምኑት ይሻላል። ካገኛችሁት በኋላ ከፊቱ ያለውን ቢያንስ ሁለት አንቀጽ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የተቃዋሚውን ሐሳብ እየተረከ ነው፣ መልሱ ቀጥሎ ይመጣል። ከዚያ እትሙን አረጋግጡ፦ የተመረመረ እትም ከሆነ በግርጌው በየእትሙ የተለወጠውን ያሳያል፤ ርካሹ ዳግም ኅትመት አያሳይም፣ ከየትኛው እትም እንደተቀዳም አንዳንዴ አይናገርም።

ትርጉም ከሆነ ደግሞ ከየትኛው እትም እንደተተረጎመ የተርጓሚውን ማስታወሻ አስቀድማችሁ እዩ። ማርክስ «ካፒታል» አንደኛ ቅጽን ለሁለተኛው የጀርመንኛ እትም እንደገና አደራጅቶታል፤ ከ1872 እስከ 1875 በክፍል በክፍል የወጣውን የፈረንሳይኛ ትርጉም ራሱ አርሞ ሐሳብ ጨምሮበታል። ከጀርመንኛው የተተረጎመ ቅጂ የያዘና ከፈረንሳይኛው የተተረጎመ ቅጂ የያዘ ሁለት አንባቢዎች የምዕራፍ ቁጥራቸው እንኳ አይገጥምም።